ዘር አይበላም፤ ስለ ተማሪ ገንዘብ አያያዝና ስለ ቁጠባ

(በሮቤ ለተማሪዎችና ለመምህራን የተደረገ ንግግር)




ዛሬ በፊታችሁ ይዘን የቀረብነው ጉዳይ በክፍል ውስጥ ፈተና የማይሰጥበት፣ ነገር ግን አያሌ ተማሪዎች የሚወድቁበት ትምህርት ነው። ይኸውም የገንዘብ አያያዝ ነው። በሒሳብ ወይም በኬሚስትሪ የወደቀ ተማሪ ችግሩ በውጤቱ ይታወቅለታል፤ መምህሩ ይመክረዋል፣ ጓደኛው ያስጠናዋል። በገንዘብ ምክንያት የሚወድቀውን ግን ማንም ልብ አይለውም። በመጀመሪያ ቁርሱን ይተዋል። ቀጥሎ ሃንድአውት ፎቶ ኮፒ ማስደረግ ያቆማል። ቀጥሎ ከሱቅ በዱቤ ይወስዳል፤ ባለሱቁን እንዳያገኘውም መንገድ ይለውጣል። በመጨረሻ አንድ ቀን ጠዋት አልጋው ባዶ ሆኖ ይገኛል። «ምን ሆኖ ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ «ቤተሰብ ታሞበት ነው» ይባልና ነገሩ በዚያው ይዘጋል።

የድኅነትን ኀይል አንክድም። ባዶ ኪስ ባለው ሰው ፊት ቆሞ «ቆጥብ» ማለት በተራበ ሰው ፊት ስለ ጾም ጥቅም እንደ መስበክ ነው። የሆነ ሆኖ ከመካከላችን ብዙዎቻችን ከመንግሥትም ሆነ ከቤተሰብ ጥቂት ገንዘብ ይደርሰናል። ይኸው ጥቂት ገንዘብ በወሩ የመጀመሪያ ሳምንት እንደ ክረምት ጎርፍ ይፈስና ቀሪዎቹን ሦስት ሳምንታት ደረቅ ወንዝ አድርጎ ይተዋቸዋል። እንግዲህ የምንነጋገረው ስለ መበልጸግ አይደለም፤ የተጀመረውን ትምህርት ስለ መጨረስ ነው። የምንለውም በአጭሩ ይህ ነው፦ ተማሪ መቆጠብ የሚችለው ከተረፈው ላይ ሳይሆን አስቀድሞ በመለየት ነው፤ ያንን የለየውን ሊጠብቅ የሚችለውም ብቻውን ሳይሆን ከጓደኞቹ ጋር ነው።

ይህን ትምህርት ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ከዚህ ከሮቤ ወጣ ብለን የሲናናን፣ የአጋርፋንና የጎባን ሜዳ ብንመለከት የስንዴና የገብስ አገር ነው። የባሌ ደጋ ገበሬ እህሉ በበሬ ተበራየም፣ በኮምባይነር ታጨደም፣ አስቀድሞ የሚያደርገው ሒሳብ አንድ ነው። ለዘር የሚሆነውን ይለያል፤ የኮምባይነሩን ኪራይ በኩንታል አስቦ ይከፍላል፤ የማዳበሪያውን ዕዳ ያነሣል። ከዚያ በኋላ ለቤት ቀለብ፣ ከዚያም ለገበያ ይላል። «እስኪ መጀመሪያ እንብላ፤ ከተረፈ ለዘር እናስቀምጣለን» የሚል ገበሬ አልሰማንም፤ ቢኖርም በሚቀጥለው ዓመት ገበሬነቱ ያበቃል። እኛ የእነዚህ ሰዎች ልጆች ስንሆን፣ ገንዘብ በእጃችን በገባ ቁጥር የምናደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው። እንበላለን፤ የተረፈውን እናስቀምጣለን እንላለን፤ የሚተርፍም ነገር አይገኝም።

ከዚሁ ከገበሬው ልንማረው የሚገባ ሁለተኛ ነገር አለ። እርሱም ገንዘብ ወቅት ያለው መሆኑን ማወቅ ነው። የባሌ ደጋ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚያመርት አገር ነው። አንደኛው በኦሮምኛ «ገና» የሚባለው፣ ከልደት በዓል ጋር በስም ብቻ የሚገጥመው፣ በመጋቢት ገደማ ተዘርቶ በሐምሌና በነሐሴ የሚሰበሰበው ነው። ሁለተኛው «ቦና» የሚባለው፣ በሐምሌና በነሐሴ ተዘርቶ በታኅሣሥና በጥር የሚታጨደው ነው። ስለዚህ የሲናና ገበሬ ልጁን በመስከረም ወይም በጥቅምት ወደ ትምህርት ሲሸኝ የገናው ምርት ገና በእጁ ነው። አንድ መኸር ብቻ ካለው አገር የመጣው ተማሪ ግን የሚሸኘው ጎተራው በተራቆተበት፣ አዲሱ እህል ገና ባልደረሰበት ወራት ነው። ቡና አምራቹ ቤተሰብ ቡናው እስኪለቀምና እስኪሸጥ ይጠብቃል። ከብት አርቢውም ሣርና ውኃ በጠፋበት ወቅት ከብቱን በርካሽ ለመሸጥ ይገደዳል።

ይህን የምንዘረዝረው ያለ ምክንያት አይደለም። በአንድ መኝታ ክፍል የምንተኛ ስድስት ተማሪዎች ስድስት ዐይነት የቤተሰብ አቆጣጠር አለን ማለት ነው። እያንዳንዳችን «ቤተሰቤ ገንዘብ የሚያገኘው መቼ ነው? የሚቸገረውስ መቼ ነው?» ብለን ጠይቀን ማወቅ ይገባናል። ይህን የሚያውቅ ተማሪ በደህናው ወር የመጣለትን ገንዘብ ለክፉው ወር ያሸጋግራል። የማያውቀው ግን በክፉው ወር ስልክ ይደውላል፤ አባትም ልጁን «የለኝም» ማለት ስለማይሆንለት ያልደረሰ እህል አስይዞ ይበደራል፤ ወይም ላሟን ባልሆነ ዋጋ ይሸጣል። እዚህ በሦስት ቀን የሚያልቀው ገንዘብ እዚያ የአንድ ዓመት ወተት ነው።

«ከመንግሥት የሚሰጠኝ ምግብና መኝታ ነፃ ነው» የሚል ካለ ደግሞ እናርመው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. በተከፈተበት ዘመንና ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ፣ ተማሪው ለትምህርቱ ክፍያ አይጠየቅም ነበር። ይህ አሠራር የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ2003 ስለ ከፍተኛ ትምህርት የወጪ መጋራት በወጣው ደንብ ቁጥር 91 ነው። በደንቡ መሠረት ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ በሙሉ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 ከመቶውን እንዲጋራና ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ ላይ እንዲከፍል ተደንግጓል። ውል የምንፈርመውም ለዚህ ነው። ስለዚህ በትሪ ላይ ተርፎ የሚደፋው እንጀራ የማንም ያልሆነ እንጀራ አይደለም፤ ነገ ከምናገኘው ደመወዝ ዛሬ የተበደርነው ነው።

ወደ አሠራሩ እንለፍ። የመጀመሪያው መሣሪያ አንዲት ትንሽ ደብተርና አንድ እስክሪፕቶ ነው። ስልክ ላይ መጻፍ የሚቀለው በስልኩ ይጻፍ፤ ዋናው መጻፉ ነው። ለአንድ ወር ያህል፣ ምንም ሳንቀንስ ምንም ሳንጨምር፣ ከእጃችን የወጣውን ሁሉ በየማታው እንመዝግብ። ሰው በየት በኩል እንደሚያፈስ የሚያውቀው በዚህ ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ ትልቁን ወጪ እናስታውሳለን፤ ትንንሹን እንረሳለን። ቀዳዳው ያለው ግን በትንንሹ ነው። በቀን 20 ብር ሳይታሰብ የሚወጣ ተማሪ በወር 600 ብር፣ ዐሥር ወር በሚፈጀው የትምህርት ዓመት ደግሞ 6,000 ብር ሳያስበው አወጣ ማለት ነው። ይህን ያህል ገንዘብ በአንድ ጊዜ «አምጣ» ቢባል ይደነግጣል፤ በየቀኑ ሲወስዱበት ግን አይሰማውም።

ለምሳሌ ያህል ብቻ ሒሳቡን እንሥራው። አንዲት ተማሪ በመንግሥት ካፌ እየተመገበች ከቤተሰቧ በወር 1,500 ብር ይላክላታል እንበል። ገንዘቡ በገባበት ቀን 150 ብር ለዘር ትለያለች። ለሳሙናና ለንጽሕና መጠበቂያ 250፣ ለፎቶ ኮፒና ለጽሕፈት መሣሪያ 250፣ ለስልክ 150፣ ወደ አገር ቤት ለመመለሻ መጓጓዣ የሚጠራቀም 200 ብር ትመድባለች። ድምሩ 1,000 ብር ነው። የቀረው 500 ብር ለሠላሳ ቀን ሲካፈል ለቀኑ 16 ብር ከሳንቲም ይሆናል። አሁን ይህች እኅታችን በየዕለቱ ሻይ ቤት መቀመጥ ትችል እንደሆነና እንዳልሆነ ራሷ መልሱን ታገኘዋለች። ማንም አልከለከላትም፤ ቁጥሩ ነገራት። ቁጥሩ የእያንዳንዳችን ለየብቻ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን ለሁላችንም አንድ ነው። በመጀመሪያ ዘር፣ ቀጥሎ ግዴታ፣ በመጨረሻ የቀኑ ወጪ።

በወጪ መዝገቡ ላይ ለዚህ አገር የተለየ አንድ ክፍል መኖር አለበት፤ እርሱም ብርድ ነው። ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፤ ጎባ ደግሞ ከዚያም ከፍ ይላል። የሰነቴን ሜዳ አቋርጦ የሚመጣው ነፋስ ከቆላ የመጣውን ተማሪ በመጀመሪያው ሳምንት ያስደነግጠዋል። ደንግጦም ወፍራም ጃኬትና ብርድ ልብስ በተጠየቀው ዋጋ ይገዛል፤ የሁለት ወር ገንዘቡም በአንድ ቀን ያልቃል። ነባር ተማሪዎች ለአዲሶቹ ልናደርግላቸው ከምንችለው ደግነት አንዱ ይህን አስቀድሞ መንገር ነው። የሚሞቅ ልብስ ከቤት ይዞ መምጣት፣ ያልያዘም ከሰልባጅ ተራ ከነባር ተማሪ ጋር ሄዶ ተከራክሮ መግዛት ይቻላል። ተመራቂዎችም ይዘው የማይሄዱትን ብርድ ልብስና ባልዲ ለሚቀጥለው ባለተራ ቢያወርሱ የማኅበሩን ምስጋና ያገኛሉ። በሮቤና በጎባ መካከል ያለው 14 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድም እንዲሁ ነው። ጉዳይ ያለው ሰው ይሂድ፤ ሦስት ጉዳይ ያለው ግን ሦስቱን በአንድ ቀን ይፈጽም።

ስለ ምግብ ብዙ ክርክር አለ፤ «ካፌ ይሻላል ወይስ ኖን ካፌ?» ይባላል። በ2017 ዓ.ም. የአንድ ተማሪ የቀን የምግብ በጀት ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ እንዲል ተደርጓል። በዚያ ሒሳብ ገንዘቡን በእጁ የሚቀበል ኖን ካፌ ተማሪ በወር 3,000 ብር ይደርሰዋል ማለት ነው። ሦስት ሺህ ብር በአንድ ጊዜ ሲታይ ብዙ ይመስላል፤ ለዘጠና ማዕድ ሲካፈል ግን ለአንዱ ማዕድ 33 ብር ነው። እንግዲህ ኖን ካፌ ለመሆን የሚያስብ ሁሉ ውሉን ከመፈረሙ በፊት ይህን ቁጥር ይዞ ወደ ኮንትራት ምግብ ቤቱ ይሂድና ዋጋውን ይጠይቅ። ለአንዳንዱ ያዋጣዋል፤ በተለይም የካፌው ምግብ ለጤናው የማይስማማውና ቤት ተከራይተው ተራ ገብተው የሚያበስሉ ጓደኞች ያሉት ከሆነ። ለብዙው ግን የመጀመሪያዎቹ ዐሥር ቀናት የሥጋ፣ የመጨረሻዎቹ ዐሥር ቀናት የልመና ይሆናሉ። ኖን ካፌ የመረጠ ሰው ቢያንስ የኮንትራቱን ሒሳብ ገንዘቡ በገባበት ቀን አስቀድሞ ይክፈል፤ ሆዱን ከኪሱ ፈተና ያድናል።

እዚህ ላይ ስለ በሶ ሳንናገር አናልፍም። ገብስ ተቆልቶ ተፈጭቶ በሶ ሲሆን ማቀዝቀዣ አይፈልግ፣ እሳት አይፈልግ፣ ለረጅም ጊዜ አይበላሽ። በውኃ ይበጠበጣል፣ በማር ወይም በስኳር ይጣፍጣል፤ ሌሊት ለሚያጠና ሰው ከዚህ የሚሻል ስንቅ የለም። በቅቤ የታሸው ጩኮ ደግሞ የዚህ አገር እናቶች ጥበብ ነው። ቆሎም እንዲሁ። በሶ ይዞ መምጣትን እንደ ገጠሬነት ቆጥረው ከአልጋ ሥር የሚደብቁ አሉ። ይህ በገብስ አገር ተቀምጦ በብስኩት መክበር ነው። ደግሞም ከቤት የመጣ እህል ዋጋው የማይንር ገንዘብ ነው።

መቆጠብ ሲባል ግን የማይነኩ ነገሮች አሉ። ከሕመም ላይ መቆጠብ አይገባም፤ በትንሽ መድኃኒት የሚድነው በሽታ ሲቆይ ሴሚስተሩን ይበላል። ከንጽሕና ላይ አይቆጠብም። እኅቶቻችን በየወሩ የግድ የሚያስፈልጋቸው ነገር አለ፤ ይህን በማጣት ከክፍል የምትቀር ተማሪ ቢኖር ነውሩ የእርሷ ሳይሆን የእኛ የሁላችን ነው። ከትምህርት መሣሪያም ላይ አይቆጠብም። ነገር ግን አንድን ሃንድአውት ስድስት ሰው ስድስት ጊዜ ኮፒ ከማድረግ ሁለት ቅጂ አድርጎ ተራ በተራ ማንበብ ከጥናት ምንም አይቀንስም።

አሁን ወደ ሦስቱ ታላላቅ ቀዳዳዎች እንመጣለን። የመጀመሪያው ዱቤ ነው። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ሲሉ አባቶች ያለ ነገር አልተረቱም። በዱቤ የሚገዛ ሰው ዋጋ አይከራከርም፤ ሌላ ሱቅ ሄዶ አያወዳድርም፤ የወሩ ገንዘብ ሲመጣም ገና ሳይቀበለው የባለሱቁ ሆኗል። በዚህ ዘመን ደግሞ ዱቤ ከሱቅ ወጥቶ ወደ ኪሳችን ገብቷል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ መላክና መቀበል ቀሏል፤ ለዚህ ሊመሰገን ይገባዋል። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በስልክ አነስተኛ ብድር መውሰድ ተጀመረ። የጎደለውን ለመሙላት በጣት ተነክቶ የሚመጣ ብር ስጦታ እንዳይመስለን፤ ከነክፍያው የሚመለስ ብድር ነው። ለድንገተኛ ችግር ይጠቅማል፤ ለሻይና ለፓኬጅ ግን አይደለም።

ሁለተኛው ቀዳዳ የእግር ኳስ ውርርድ ነው። በዚህ ነገር ላይ ስድብ አንጨምርም፤ ሒሳብ ብቻ እናቀርባለን። አንድ ወንድማችን አምስት ጨዋታ መርጦ አምስቱም ከተሳኩ ብዙ ብር አገኛለሁ ይላል። አንዱን ጨዋታ የመገመት ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው እንበል። ሁለቱ በአንድነት የመሳካታቸው ዕድል ከአራት አንድ ነው፤ ሦስቱ ከስምንት አንድ፤ አራቱ ከዐሥራ ስድስት አንድ፤ አምስቱ ከሠላሳ ሁለት አንድ። እንግዲህ ሠላሳ ሁለት ጊዜ ቢወራረድ በአማካይ አንድ ጊዜ ያገኛል። አወራራጁ ቤት ግን ሠላሳ ሁለት እጥፍ አይከፍለውም፤ ቢከፍልማ የቤት ኪራዩን ከምን ያመጣዋል? ትርፉ የሚገኘው ከዚያ ከሚጎድለው ነው። የሒሳብና የስታቲስቲክስ ተማሪዎች ይህን ለጓደኞቻቸው ደጋግመው ቢያስረዱ ትምህርታቸው ለሰው ጠቀመ ማለት ነው። የበላው ሰው ሲጨፍር ይሰማል፤ ሠላሳ አንዱ ግን ዝም ብለው ይተኛሉ።

ሦስተኛው ቀዳዳ ከሁለቱ የሚበልጥ ነው፤ ስሙም ይሉኝታ ይባላል። ተማሪ ብቻውን ሆኖ የሚያወጣው ገንዘብ ትንሽ ነው። «እነ እገሌ ወጥተው እኔ ብቀር ምን ይሉኛል?» ብሎ የሚያወጣው ግን ብዙ ነው። ልደት ይከበራል ተብሎ ይዋጣል፤ ሻይ የጋበዘን ሰው በተራችን እንጋብዛለን፤ ተጋባዡም መልሶ ለመጋበዝ ይበደራል። ሁለቱም ሳይፈልጉ፣ ሁለቱም እየተቸገሩ፣ አንዱ ሌላውን ያስከፍላል። ምርቃት ሲደርስማ ይብሳል። ሱፍ፣ ፎቶግራፍ፣ የመታሰቢያ መጽሔት፣ ግብዣ ይባልና ኮሚቴው የሚያስበው ከሁሉ የተሻለ ኪስ ባለው ተማሪ ልክ ነው። የደሃው ልጅ አራት ዓመት የለፋበትን ዲግሪ ሊቀበል ሲል የቤተሰቡን በሬ ያሸጣል። ስለዚህ የምርቃት ኮሚቴዎች መዋጮውን ሲወስኑ ከሁሉ ያነሰ አቅም ያለውን ተማሪ በልባቸው አስቀምጠው እንዲወስኑ፣ መክፈል ያልቻለም ስሙ ሳይጠራ በጓደኞቹ መካከል እንዲቆጠር በአደራ እንጠይቃለን።

ይሉኝታን ብቻውን የሚያሸንፈው ሰው ጥቂት ነው። ስምምነት ግን ያሸንፈዋል። በአንድ መኝታ ክፍል ያሉ ተማሪዎች በወሩ መጀመሪያ ተቀምጠው «በዚህ ወር መጋበዝ የለም፤ ማንም በማንም ላይ አይቀየምም» ቢባባሉ ይሉኝታው ራሱ ይገለበጣል። የቆጠበው ሳይሆን የበተነው ያፍራል።

የተለየው ዘር የት ይቀመጥ? በኪስ ያለ ገንዘብ በኪስ አይቆይም። በስልክ ላይ ያለም ለጣት ቅርብ ነው። ስለዚህ የዘሩ ገንዘብ ከዕለት ወጪው ተለይቶ በባንክ የቁጠባ ሒሳብ ይቀመጥ። ነገር ግን አንድ እውነት ልንደብቃችሁ አንወድም። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 ከመቶ ከፍ አድርጎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ግን የዋጋ ንረቱ ከ30 ከመቶ በላይ ደርሷል። በእንዲህ ያለ ዓመት 1,000 ብር ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 1,070 ብር ያገኛል፤ በ1,000 ብር ይገዛ የነበረው ዕቃ ግን ከ1,300 ብር በላይ ሆኗል። ይህ ማለት መቆጠብ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። የተማሪ ቁጠባ ዓላማው ወለድ ሳይሆን ክፉ ቀንን መሻገር ነው ማለት ነው። ስለዚህ የሴሚስተሩን ሳሙናና ደብተር ገንዘብ በተገኘ ጊዜ በአንድነት መግዛት፣ የቀረውን ደግሞ ለመጓጓዣ፣ ለሕመምና ለጥናታዊ ጽሑፍ ማሳተሚያ በባንክ ማቆየት ብልኅነት ነው።

ዕቁብም አገራችን የምታውቀው የቁጠባ መንገድ ነው። ዐሥር ተማሪዎች በየሳምንቱ 50 ብር ቢጥሉ ለባለተራው 500 ብር ይደርሰዋል። መጀመሪያ የደረሰው ያለ ወለድ ተበደረ፤ መጨረሻ የደረሰው በግድ ቆጠበ። ለተማሪ ዕቁብ ግን ሦስት ነገር እናሳስባለን። ዙሩ በአንድ ሴሚስተር ውስጥ፣ ከፈተና በፊት ይጠናቀቅ፤ ተበትኖ የሚሄድ ሰው ዕቁብ ያፈርሳልና። መዋጮው ደካማው አባል ሳይበደር ሊጥለው የሚችል ይሁን። ዕጣ ብቻ ሳይሆን ችግር ያለበትም እየታየ ተራ ይሰጠው።

ከዕቁቡ ሌላ በየመኝታ ክፍሉ አንዲት የጋራ ሣጥን እንድትኖር ሐሳብ እናቀርባለን። ስድስት ሰዎች በሳምንት አምስት አምስት ብር ቢያስቀምጡ በ16 ሳምንት 480 ብር ይሆናል። ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ሌሊት ለታመመ ጓደኛ መድኃኒት ይገዛል፤ የቤቱ ገንዘብ የዘገየበትንም ከዱቤ ያድነዋል። ቁልፉን አንዱ ይያዝ፣ መዝገቡን ሌላው ይጻፍ። የወሰደ ያለ ወለድ ይመልስ። ለመዝናኛ አይሰጥ። መመለስ ያልቻለ ቢኖር በአደባባይ አይከሰስ። ይህ ለዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም። ኦሮሞ ከጥንት ጀምሮ ቡሳ ጎኖፋ የሚለው ሥርዐት አለው፤ ከብቱ ያለቀበትን፣ አደጋ የደረሰበትን ሰው ወገኖቹ ከየድርሻቸው አዋጥተው መልሰው ያቋቁሙታል። ያቋቋሙትም ነገ በተራው ለሌላው ይደርሳል።

በሌላውም ዓለም ታላላቅ ነገሮች የተጀመሩት እንዲህ ካለች ሣጥን ነው። እ.ኤ.አ. በ1844 በእንግሊዝ አገር በሮችዴል ከተማ 28 ሠራተኞች፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሸማኔዎች የሆኑ፣ ከትንሽ ደመወዛቸው በየሳምንቱ ሳንቲም እያዋጡ ለየሰው አንድ ፓውንድ ካጠራቀሙ በኋላ ዱቄት፣ ቅቤና ስኳር የሚሸጥባት ትንሽ ሱቅ ከፈቱ። ሕጋቸው ሚዛን ማታለል የለም፣ ዱቤም የለም የሚል ነበር። የዓለም የኅብረት ሥራ እንቅስቃሴ የእነርሱን ፈለግ ተከትሏል። በአገራችንም የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ1964 ያቋቋሙት የቁጠባና ብድር ማኅበር በዘርፉ የመጀመሪያው ተብሎ ይታወቃል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ማለት ይኸው ነው።

ክቡራን መምህራኖቻችንንም በአክብሮት የምንለምናችሁ ነገር አለ። የአንድ ትምህርት ወጪ በሴሚስተሩ መጀመሪያ ቢነገረን፣ ማለት ስንት ገጽ ኮፒ እንደሚኖር፣ ለመስክ ጉዞ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ፣ የሚታተም ሥራ ስንት ጊዜ እንደሚቀርብ ብናውቅ አስቀድመን እንመድባለን። «ለነገ አትማችሁ አምጡ» የሚል ትእዛዝ በወሩ 28ኛ ቀን ሲመጣ ግን ዕውቀትን ሳይሆን ኪስን ይፈትናል። አንዳንድ መጻሕፍትም በቤተ መጻሕፍቱ ለክፍል ውስጥ ንባብ ተለይተው ቢቀመጡ ብዙ ተማሪ ከወጪ ይድናል።

እንግዲህ ወዳጆቻችን፣ ይህን ሁሉ ሰምተን እንደ መጣን እንዳንመለስ ሦስት ነገር ይዘን እንሂድ። ዛሬ ማታ ደብተር እንክፈት። ገንዘብ በእጃችን በገባበት ቀን፣ ከዐሥር አንድ ቢሆን፣ ከሃያም አንድ ቢሆን፣ ዘሩን እንለይ። ከዚህ ሳምንት ጀምሮ በየመኝታ ክፍላችን ተሰብስበን ስለ ሣጥኗ እንነጋገር። አጠገባችን ቁርሱን የተወ፣ መንገዱን የለወጠ ጓደኛ ካለም «ምን ሆነሃል?» ብለን አልጋው ባዶ ከመሆኑ በፊት እንጠይቀው። ይህ ከቁጠባ ሁሉ ይበልጣል፤ ከአገሪቱ ሀብት ሁሉ ጀምሮ የተወ ተማሪን ያህል በከንቱ የሚባክን የለምና።